የባቲስቱታ 10፣ የመንግሥቱ 10

ታኅሣሥ 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ምሽት ሮቤ ላይ የለመድነው የባሌ ብርድ ነበር። ስንዴው እየታጨደ ነው። ኳስ ቤቱን የሞሉት ቀኑን ሲናና ማሳ ላይ ኮምባይነር ሲከተሉ የዋሉ ወጣቶች ናቸው፤ የአንዳንዶቹ ፀጉር ላይ እብቁ ገና አልረገፈም። ከምሽቱ 4 ሰዓት አርጀንቲናና ክሮኤሽያ ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ለማለፍ ገጠሙ። 34ኛው ደቂቃ ላይ ሊዮኔል ሜሲ ፍጹም ቅጣት ምቱን ከመረብ አገናኘ። ጩኸቱ በረድ ሲል፣ አጠገቤ ለተቀመጠው ልጅ ይቺ ጎል ባቲስቱታ በዓለም ዋንጫ ለአርጀንቲና ያስመዘገበውን ክብረ ወሰን የሰበረች መሆኗን ነገርኩት። ልጁ በትሕትና ዞር ብሎ ባቲስቱታ የየትኛው ክለብ ተጫዋች እንደሆነ ጠየቀኝ።

ጥያቄውን ይዤው ቤቴ ገባሁ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም። ልጁ ኳስ አያውቅም እንዳልል የማንቸስተር ሲቲን የዓመታት አሰላለፍ በቃሉ ይወጣዋል። የተወለደው ግን ባቲስቱታ እ.ኤ.አ. በ2005 ኳታር ውስጥ፣ በአል አረቢ ክለብ ማሊያ፣ ጫማውን በሰቀለበት ዓመት ገደማ ነው። እኔ በሱ ዕድሜ ሳለሁ ሮቤ ላይ ጠንክሮ የሚመታ ልጅ ሁሉ ቅጽል ስሙ «ባቲ» ነበር። ፀጉሩን ያስረዘመም ባቲ፣ ጎል አግብቶ ወደ ማዕዘኑ የሮጠም ባቲ። ያ ስም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከከተማው አፍ ወጥቷል። ከዚያ ምሽት ወዲህ ሻይ ቤት ስገባም፣ ጎባ የሚሄደው ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ስጠብቅም፣ ከአርጀንቲና አጥቂዎች ጫማ ከሰቀሉት መካከል ማንን ታስቀድማላችሁ እያልኩ እጠይቃለሁ። መልሱን በቁጥር አልመዘገብኩም፣ ሥርዓት ያለው ጥናትም አይደለም። ግን አንድ ነገር በግልጽ ይታያል፤ ዕድሜው ወደ 40 የተጠጋ «ባቲስቱታ» ሲል፣ ከ25 በታች የሆነው ሳያመነታ «አጉዌሮ» ይላል።

የሰውየውን ሥራ ለማያውቀው ላስተዋውቅ። ገብርኤል ባቲስቱታ እ.ኤ.አ. በ1969 በአርጀንቲና ሳንታ ፌ ግዛት ተወለደ። በ1991 የጣሊያኑን ፊዮረንቲናን ተቀላቀለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ክለቡ ወደ ሴሪ ቢ ወረደ። በዚያን ጊዜ እሱን የማይፈልግ ትልቅ ክለብ አልነበረም፤ እሱ ግን አብሮ ወረደ፣ በዓመቱም አብሮ ወጣ። በተመለሰበት በ1994/95 የውድድር ዘመን በመጀመሪያዎቹ 11 ጨዋታዎች በሁሉም ጎል አስቆጠረ፤ ዓመቱንም በ26 ጎል የሴሪ አ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ጨረሰ። በ2000 ሮማ በ70 ቢሊዮን ሊሬ ገዛው፤ በዚያው የውድድር ዘመን ሮማ ሻምፒዮን ሆነ። ኅዳር ላይ ሮማ ፊዮረንቲናን ሲገጥም የማሸነፊያዋን ጎል ያስቆጠረው እሱ ነበር፤ ደስታውን ከመግለጽ ይልቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ የቁርጭምጭሚቱ ሕመም እጅግ ስላሠቃየው ሐኪሙን እግሬን ቁረጥልኝ ብሎ እንደለመነ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። እነዚያ ጠንካራ ምቶቹ ምን እንዳስከፈሉት እኛ በልጅነታችን አናውቅም ነበር።

በብሔራዊ ቡድን ታሪኩ ውስጥ ደግሞ አንድ ቀን ተመላልሶ ይመጣል፤ እንደ እኛ አቆጣጠር ሰኔ 14። በ1986 ዓ.ም. ሰኔ 14 ቀን አሜሪካ ውስጥ ግሪክ ላይ ሦስት ጎል አስቆጠረ። በ1990 ዓ.ም. ሰኔ 14 ቀን ፓሪስ ላይ ጃማይካ መረብ ውስጥ ሌላ ሦስት ጨመረ፤ ሦስቱንም በ10 ደቂቃ ውስጥ። በሁለት የተለያዩ የዓለም ዋንጫዎች ሐትሪክ የሠራ፣ እስከ ኳታሩ ውድድር ድረስ፣ ከሱ ሌላ አልተገኘም። በ2008 ዓ.ም. ሰኔ 14 ቀን ደግሞ ሜሲ ሂዩስተን ላይ አሜሪካን በቅጣት ምት መትቶ 55ኛ ጎሉን አስቆጠረ፤ የባቲስቱታ የ54 ጎል ክብረ ወሰንም ወደቀ። ቁጥሩ ራሱ ታሪክ አለው፤ ለብዙ ዓመታት 56 ተብሎ ሲጻፍ ኖሮ፣ ኋላ ላይ ሁለቱ ጎሎች ከኦፊሴላዊው ቆጠራ ውጪ ሆኑ። የቀረው ክብረ ወሰኑ የዓለም ዋንጫው 10 ጎል ነበር። እሱም ያን ታኅሣሥ 4 ምሽት፣ እብቅ ባልረገፈላቸው ልጆች ፊት፣ ሁለተኛ ሆነ።

ታዲያ ባቲስቱታን ከሮቤ አፍ ያወጣው ሜሲ ነው? አይመስለኝም። ሜሲ ከፊቱ ያለውን ሁሉ አልፏል፤ ማራዶናን የሚያስረሳ ግን አልሆነም። ባቲስቱታን በሮቤ የጣለው ከሱ ያነሰ የብሔራዊ ቡድን ታሪክ ያለው ሰው ነው። ሰርጂዮ አጉዌሮ ለአርጀንቲና ከ40 በላይ ጎል አለው፤ በዓለም ዋንጫ ግን ሁለት ብቻ፣ ሁለቱም በ2018ቱ የሩሲያ ውድድር። ባቲስቱታ 10። በዚህ ሚዛን ቢሆን ክርክር የሚያስነሣ ነገር የለም። ነገር ግን አጉዌሮ አሥር ዓመት በእንግሊዝ ሊግ ተጫወተ፤ 184 የሊግ ጎል አስቆጠረ፤ በጊዜው ከእንግሊዝ ውጪ ከተወለዱ ተጫዋቾች የሚበልጠው አልነበረም። ግንቦት 5 ቀን 2004 ዓ.ም. በባከነ ሰዓት ኪው ፒ አር ላይ ያስቆጠራት ጎል ለማንቸስተር ሲቲ ከ44 ዓመት በኋላ የሊግ ዋንጫ አመጣች። ያቺ ጎል ዛሬም በየዓመቱ፣ በየማስታወቂያው፣ ከነኮሜንታተሩ ጩኸት ትደጋገማለች። እ.ኤ.አ. በ2021 በልቡ አመታት ችግር ምክንያት እያለቀሰ ሲሰናበት ሮቤ ላይ ሥራ ፈትተው ያዩ ልጆች አውቃለሁ።

ባቲስቱታ በእንግሊዝ ሊግ አንድም ቀን አልተጫወተም። እኛ የወደድነው ከስፖርት ጋዜጣ፣ ገበያ ላይ ከሚሸጥ ፖስተር፣ በአራት ዓመት አንዴ ከሚመጣው የዓለም ዋንጫ ነው። ዲሽ በየሰፈሩ ሲተከል ከዲሹ ጋር የመጣው ሊግ የእንግሊዙ ሆነ። ቅዳሜና እሑድ የሚደጋገመው ፊት ዘመድ ይሆናል፤ የማይደጋገመው፣ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ የሩቅ ሰው ሆኖ ይቀራል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የውርርድ ቤቶች ተጨመሩ። ቤቲንግ የሚቆርጥ ወጣት የሚያጠናው በዚህ ሳምንት የሚጫወተውን፣ የተጎዳውን፣ የታገደውን ነው። ጫማ የሰቀለ ሰው ቲኬት ላይ አይገባም። የማስታወስ ችሎታው ያው ነው፤ የሚሠራበት ሜዳ ግን ጠቧል።

የተወዳጅነት ደረጃ ማን እንዳወጣው ሳይጠየቅ መነበብ እንደሌለበት ከሁሉ በላይ ያስተማረው የፊፋ የክፍለ ዘመኑ ተጫዋች ምርጫ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2000 ምርጫውን ለኢንተርኔት ተጠቃሚዎች ክፍት አደረገ። ማራዶና 53.6 በመቶ ድምፅ አገኘ፤ ፔሌ 18.5 በመቶ። ኢንተርኔት የሚጠቀመው ወጣት ነበር፤ ወጣቱ የ1986ቱን ማራዶና በቴሌቪዥን አይቷል፣ የ1958ቱን ፔሌ ግን አላየም። ፊፋ ውጤቱን አይቶ ሁለተኛ ሽልማት ጨመረ፤ በባለሙያዎችና በፊፋ መጽሔት አንባቢዎች ድምፅ የሚሰጥ። እዚያ ፔሌ ከ72 በመቶ በላይ ሲያገኝ ማራዶና 6 በመቶ ላይ ቀረ። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ድርጅት፣ ስለ ሁለት ሰዎች የተሰጠ ፍርድ ነው። ታኅሣሥ 2 ቀን 1993 ዓ.ም. ሮም ላይ ሽልማቱ ሲሰጥ ማራዶና የራሱን ተቀብሎ ፔሌ ሳይሸለም አዳራሹን ለቆ ወጣ። ያን ጊዜ ሮቤ ላይ ኢንተርኔት ቤት የሚባል ነገር አላውቅም። ከዚህ ደጋ አንድም ድምፅ የገባ አይመስለኝም፤ ግን ውጤቱ «ዓለም መረጠ» ተብሎ ተነገረን፤ እኛም ተቀበልን።

የባሌ ገበሬ ደረጃ ሲያወጣ እንዲህ አያደርግም። ስንዴን እንውሰድ። ቁብሳ የሚባለው ዝርያ በዚህ ደጋ ለዓመታት ንጉሥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ መታውና ዲገሉ ተተካ፤ ዝናው በአንድ ሁለት ዓመት ከአርሲ እስከ ባሌ ተዳረሰ። በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ ዲገሉን ራሱን አነደደው። ገበሬው ሁለቱንም ከማሳው አወጣ። ነገር ግን ቁብሳ በደጉ ዘመን በሄክታር ስንት ኩንታል ይሰጥ እንደነበር፣ የዳቦው መልክ ምን እንደሚመስል ዛሬም ብትጠይቁት ይነግራችኋል። ከማሳ ያወጣውን ከአፉ አላወጣውም። ኳሱ ላይ ያጣነው ይህንን ነው፤ መተካት ያለ ነው፣ ሜሲም ነገ ይተካል። የተተካውን ምን ሠርቶ እንደነበር መናገር ግን አቁመናል።

ይህን የምለው ለባቲስቱታ አዝኜ አይደለም። ፊዮረንቲና የሚያስታውሰው ሕዝብ አለው፤ ጎሎቹ በምስል ተቀርጸው ተቀምጠዋል፤ ማንም ልጅ ስልኩን ከፍቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ የራሳችን 10 ነው።

መንግሥቱ ወርቁ በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎል አለው። ባቲስቱታ በዓለም ዋንጫ ያለውን ያህል ማለት ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስና የብሔራዊ ቡድኑ አጥቂ ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያና እስከ ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሣ የውድድሩን ኮከብ ግብ አግቢነት ከግብፁ በደዊ ጋር በሦስት ሦስት ጎል ተጋርቷል። ጥር 13 ቀን አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ፍጻሜ ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ሁለት ጊዜ ተያዘች። ግርማ ተክሌ የመጀመሪያውን፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን አስቆጠሩ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አስቆጠረ፤ ሊጠናቀቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አራተኛውን አክሎ ነገሩን የዘጋው መንግሥቱ ነበር። 4 ለ 2። ዋንጫውን አምበሉ ሉቺያኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ያላትን ነገር ሁሉ ብትደምሩ ያንን ቀን አያክልም። መንግሥቱ ኋላ አሠልጣኝ ሆኖ ብሔራዊ ቡድኑን መርቷል፤ በ2003 ዓ.ም. አረፈ። ሮቤ ላይ ከ25 ዓመት በታች ያሉትን ስጠይቅ ስሙን የሚያውቁ አሉ፤ «የድሮ ተጫዋች» ይላሉ። ጎሎቹን የሚያውቅ ግን እስካሁን አላገኘሁም። አሥሩን ከባቲስቱታ አሥር ጋር ያነጻጸረ ወጣትም አልገጠመኝም፤ ይህ ቁጥር መኖሩን የነገረው የለማ።

እንግዲህ ምክንያቱ ቴሌቪዥን ነው ብዬ ልደመድም ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ከዋንጫው ወደ ሦስት ዓመት ዘግይቶ። ያልታየ ሰው እንዴት ይወደዳል? ይህን ሐሳቤን ያፈረሱብኝ ጎባ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው። በ1954 ዓ.ም. ጎባ ተማሪ ነበሩ፤ ጎባ ያን ጊዜ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ጨዋታውን የሰሙት በሬዲዮ ነው። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሜዳ ላይ አራቱን ጎሎች እንደገና ያገቡ ነበር። አንዱ ሉቺያኖ፣ አንዱ ኢታሎ፣ አንዱ ግርማ፤ መንግሥቱን ለመሆን ግን ተራ ይያዝ ነበር። እንደ እሳቸው አባባል የመንግሥቱን መልክ እንኳ በወጉ አያውቁም ነበር። ጨርቅ ኳስ፣ ባዶ እግር፣ ከኋላቸው የሳነቴ ብርድ፤ ሰውየውን ግን ይወዱት ነበር።

ስለዚህ ፍቅሩን ያመጣው ማየት ብቻ አልነበረም፤ መነገር ነበር። ሬዲዮው ተናገረ፣ አባት ለልጅ ተናገረ፣ ልጅ ሜዳ ላይ ደገመው። የአጉዌሮም ጎል ሮቤ ላይ እስካሁን የኖረችው በዚያው መንገድ ነው፤ እንግሊዞች ሳይታክቱ በየዓመቱ ስለሚናገሩላት። እነሱ ግንቦት 5ን አስተማሩን፤ እኛ ጥር 13ን ለልጆቻችን አላስተማርንም። ሌላም አጋጣሚ ሳይነገር አልፏል። ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ የመጀመሪያውን ጨዋታ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ያደረግነው በዚያው ጥር 13 ቀን ነበር። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ ግብ ጠባቂያችን በቀይ ወጣ፣ በ10 ሰው እየተጫወትን አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ያን ምሽት ሮቤ አስፋልት ላይ የወጣው ሕዝብ ትዝ ይለኛል። ከዋንጫው 51 ዓመት የሞላው በዚያው ዕለት መሆኑን ያስታወሰን ግን አልነበረም።

የሊጋችን ታሪክም ያው ነው። የድሬዳዋው ልጅ ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. በመብራት ኃይል ማሊያ በአንድ የውድድር ዘመን 24 ጎል አስቆጠረ። ክብረ ወሰኑ 16 ዓመት ቆየ፤ ጌታነህ ከበደ በ2009 በደደቢት 25 አድርጎ ሰበረው። በ2013 ደግሞ አቡበከር ናስር በኢትዮጵያ ቡና 29 አደረሰው። ሦስቱም ትልቅ ሥራ ናቸው። ሮቤ ላይ ግን ልጆች ማሊያቸው ጀርባ ላይ ስሙን ሲጽፉ ያየሁት የአቡበከርን ብቻ ነው። ሊጉ በሱፐር ስፖርት መተላለፍ የጀመረው በዚያው የውድድር ዘመን ነበር። አቡበከር ይገባዋል፤ ከዓመት በኋላ ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ መሄዱም በችሎታው ነው። የዮርዳኖስን 24 ጎል ግን ስታዲየም የገባ ሰው ብቻ አየው፤ ያየውም ቁጭ ብሎ አልጻፈውም።

«ተወዳጅነት ፍርድ ቤት አይደለም፤ ሰው የወደደውን ይወድ» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው። አጉዌሮን የሚያስቀድመውን ልጅ ተሳስተሃል አልለውም፤ ካየው መካከል የልቡን መርጧል። እኔም ባቲስቱታን ስወድ ከሱ በፊት የነበረውን የአርጀንቲና አጥቂ ኬምፔስን አላየሁም ነበር። የእኔ ክርክር ምርጫው ላይ አይደለም፣ የቀረበለት ዝርዝር ላይ ነው። በዝርዝሩ ላይ መንግሥቱ ከሌለ፣ ልጁ መንግሥቱን አልጣለውም፤ እኛ አላቀረብንለትም።

ይህ ደግሞ አዲስ አበባ የሚጨርሰው ጉዳይ አይደለም። ከሮቤ እስከ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ነው። በእነዚህ ሁለት ከተሞች የባሌን ክፍለ ሀገር ወክለው ኳስ የተጫወቱ፣ በጭነት መኪና ቀናት ተጉዘው ተጋጥመው የተመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ ጥቂቶቹ ዛሬም በከዘራ ገበያ ይወጣሉ። ያ የጎባ መምህር ግድግዳቸው ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አላቸው፤ 11 ወጣቶች ቆመውና ተንበርክከው፣ ኳሷ መሐል ላይ። እየጠቆሙ ስም ይጠሩልኝ ጀመር። ከአጥቂው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። በቅጽል ስሙ ያውቁታል፤ ጎባ ውስጥ ከሱ በላይ የሚወደድ ተጫዋች እንዳልነበረም ይመሰክራሉ። የአባቱ ስም ግን ጠፍቶባቸዋል፤ የዓመቱም ነገር እንዲሁ። ፎቶው ጀርባ ላይ ምንም አልተጻፈበትም።

መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ሮቤ ነው፤ የታሪክና የስፖርት ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያማርጡ ጎባ ድረስ ብቻ ቢሄዱ ይበቃቸዋል። የከተሞቹ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶችም በየዓመቱ ውድድር ሲከፍቱ አንድ የቀድሞ ተጫዋች ጠርተው ስሙንና የሠራውን በድምፅ ማጉያ ቢያሰሙ ወጪ የለውም። ከሁሉ በፊት ግን ልመናዬ ለአንባቢ ነው። ሮቤ፣ ጎባ፣ ዲንሾ፣ አጋርፋ፣ ጎሮ፣ ጊኒር ያላችሁ፤ ከባሌ ወጥታችሁ አዲስ አበባም ይሁን ባሕር ማዶ የምትኖሩ፤ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ያሉበት የድሮ ቡድን ፎቶግራፍ ካላችሁ ዛሬ ማታ አውርዱት። ሰውየው በሕይወት ካሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ጠይቁ፤ ጀርባው ላይ የእያንዳንዱን ሙሉ ስም፣ የቡድኑን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በእስክሪብቶ ጻፉ።